አዲስ አበባ ያልገባ ኔትወርክ አይገባውም? ከሐዋሳ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያዎች የተጻፈ ምክር ነው። ለእኔም የላኩልኝ ብዙ ናቸው። ከላኩልኝ መካከል አንዷ ገና የተመረቀች ልጅ ናት። «እውነት ነው እንዴ? ሻንጣዬን ላዘጋጅ?» የሚል ጥያቄ አስከትላ ነው የላከችው። ለእሷ መልስ መጻፍ ጀመርኩ፣ ረዘመብኝ። ከረዘመ ላይቀር ሌላውም ያንብበው ብዬ ነው።

ጽሑፉን ላላገኘው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይመክራል። ክልል ከተማ ተቀምጦ ሙያው አያድግም፣ ስለዚህ ቶሎ አዲስ አበባ ግቡ። ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት ሰርተፊኬት ሰብስቡ፣ አንድ ሳይሆን አራት አምስት። ኬብል መዘርጋትና «ኢንተርኔት ጠፋብኝ» ወደሚል ሰው መሮጥ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፣ አትቀበሉት። ደግሞም ክላውድና ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኔትወርክን ሊበሉት ነው፣ ኮድ መጻፍ ተማሩ። የማታውቁትን በሥራ ቦታ አትጠይቁ፣ ትናቃላችሁ። በመጨረሻም በየስድስት ወሩ ሥራ ቀይሩ፣ ደመወዝ የሚያድገው እንደዚያ ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም። በቅን ልብ እንደጻፈው ግን ያስታውቃል። አንዳንዱ ምክሩም ልክ ነው፣ ስደርስበት እናገራለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አልጠብቅም። የሚያናድደኝን አስቀድማለሁ።

የሚያናድደኝ የኬብሉ ነገር ነው።

ኬብል የሚዘረጋ መሐንዲስ ዲግሪውን አባከነ ይለናል። ኬብሉን ለቴክኒሻን ተዉት፣ እናንተ ዲዛይን አድርጉ ይላል። እሺ። ኬብል ነክቶ የማያውቅ ሰው ምኑን ነው ዲዛይን የሚያደርገው?

አዲስ ቢሮ ገባችሁ እንበል። ኬብሉ ተዘርግቷል፣ ኮኔክተሩም ተመትቷል። ርካሹ ቴስተር ከ1 እስከ 8 ያሉትን መብራቶች በተራ በተራ አበራ። «ሰላም ነው» ተባለ። ኮምፒውተሩ ግን ፋይል ሲጎትት ይንቀራፈፋል። አንዳንዴ ጭራሽ ይቋረጣል። ኬብሎቹን የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ስዊቹ ውስጥ ገብታችሁ ፖርቱን (ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ስታዩ የስሕተት ቁጥሩ ይጨምራል። ምንድነው ጉዱ? ኬብሉን የመታው ሰው ሽቦዎቹን እንደ ጥንዳቸው ደርድሮ ነው ያስገባው። 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6፣ 7 ከ8። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴስተሩ ምንም አይልም። ኢተርኔት፣ ማለትም የቢሮ ኬብል ኔትወርክ የሚሠራበት ስታንዳርድ፣ ግን 3ን ከ6 ጋር ነው የሚያጣምረው። እነዚያ ሁለቱ ኬብሉ ውስጥ አብረው የተጠማዘዙ መሆን አለባቸው። ከጎረቤት ሽቦ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው ያ መጠማዘዝ ነው። ከተለያየ ጥንድ ከተወሰዱ ረብሻው እንዳለ ይገባል። ይህን የሚያሳይ መብራት ርካሹ ቴስተር ላይ የለም።

ሌላም አለ። የግቢው ካሜራ ቀን ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ካሜራው ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ስዊቹ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ጥበቃው ጋሼ ነገሩን ከሰይጣን ጋር ማያያዝ ሊጀምሩ ነው። ምክንያቱ ኬብሉ ነው። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብል በኩል ነው። በተለመደው ስታንዳርድ ከስዊቹ 15.4 ዋት ይወጣል፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ለካሜራው 12.95 ዋት ይደርሳል ተብሎ ነው የተሰላው። ስሌቱ ለንጹሕ መዳብ ነው። ገበያ ላይ ግን መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ሞልቷል። ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዋጋው ብቻ ረከስ ያለ። አልሙኒየሙ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል። ሲመሽ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት ይበራና ተጨማሪ ኃይል ይስባል። ኬብሉ ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራው ወድቆ ይነሳል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ይህን በእጁ የነካ ልጅ ነገ ለጨረታ ዝርዝር ሲጽፍ «ንጹሕ መዳብ» ብሎ ይጽፋል። አንድ የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ የቢሮውን ፕላን ይዞ ይለካል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሻገር መዳብ አይጎትትም፣ ፋይበር ያደርገዋል። በክረምት መብረቅ ሲወድቅ በመዳቡ በኩል ገብቶ የሁለቱንም ሕንፃ ስዊች ሊያነድ እንደሚችል ያውቃላ። ዲዛይን የሚባለው ሥራ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

«ኢንተርኔት ጠፋብኝ» የሚለውም ጥሪ እንደዚሁ የተናቀ ነው። እኔ ጀማሪን እሱን ሥራ ነው የማስጀምረው። ለምን? ጥሪው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን በየቀኑ ሌላ ነው።

አንድ የተለመደውን ልጥቀስ። ሠራተኛዋ ቢሮዋ ዋይፋይ አይደርሳትም። ከቤቷ ትንሽ ራውተር አመጣችና ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር አገናኘችው። ክፋት የለባትም። ግን ኬብሉን የሰካችው በተሳሳተው ቀዳዳ ነው። ራውተሩ ከዋናው ራውተር ጋር እየተሽቀዳደመ ለቢሮው ኮምፒውተሮች አድራሻ ማደል ጀመረ። ግማሹ ሰው ኢንተርኔት አለው፣ ግማሹ የለውም። ያለውም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራ ያጣል። ጀማሪው ምን ያደርጋል? የጠፋበትን ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ ጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚወጣበትን የራውተር አድራሻ) ያያል። የቢሮው 10.10.1.1 መሆን ሲገባው 192.168.0.1 ይላል። የዚያን አድራሻ የማክ ቁጥር (የመሣሪያውን መለያ) ያወጣል። ስዊቹ ላይ ያ ቁጥር በየትኛው ፖርት እንደገባ ይፈልጋል። ከፖርቱ ወደ ፓች ፓነሉ (የየክፍሉ ኬብል ወደሚሰበሰብበት ሰሌዳ)፣ ከፓነሉ ወደ ክፍሉ። በሩን አንኳኩቶ በትሕትና «እህቴ፣ ይህችን ራውተር ልንቀላት?» ይላል። ከዚያ በኋላ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ያልተፈቀደለት ራውተር አድራሻ እንዳያድል ስዊቹ ላይ የሚያግደው ቅንብር) ለምን እንደተፈጠረ ማንም ሊያስረዳው አይገባም። ያበራዋል፣ በቃ።

ወይም ደግሞ አንድ ሰው የተንጠለጠለ ኬብል አይቶ «ይህ ለምን ተነቀለ» ብሎ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ትንሽ ስዊች ላይ ሰካው። ቢሮው በሙሉ ቆመ። የአይፒ ፓኬት (በራውተሮች መካከል የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል) ዕድሜ አለው፣ በራውተር ባለፈ ቁጥር ይቀንስና ይሞታል። ፓኬቱን ተሸክሞ በስዊቾች ውስጥ የሚያልፈው የኢተርኔት ፍሬም ግን ዕድሜ የለውም። ክብ መንገድ ካገኘ እየተባዛ መዞር ብቻ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ክብ መንገድን የሚዘጋውን ስፓኒንግ ትሪን የሠራችው ለዚህ ነው። ተማሪ እያለን ሸምድደነዋል፣ ለፈተና ጽፈነዋል። የስዊቹ መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ ያለ ዕረፍት ሲርገበገቡ ያየ ሰው ግን ሁለተኛ አይረሳውም።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባው ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። ትልልቆቹ ዳታ ሴንተሮች እዚያ ናቸው። ቢጂፒን (ትልልቅ ኔትወርኮች መንገዳቸውን ለዓለም የሚያስታውቁበትን ዘዴ) በመለማመጃ ላብ ሳይሆን በእውነተኛ ሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን 275 ኪሎ ሜትሩን መጓዙ አይቀርም። አልክድም።

ጥያቄው ጀማሪ እዚያ ሲቀጠር ምን ይሰጠዋል የሚለው ነው። በትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ስክሪን ነው። ቀይ ሲሆን ይደውላል፣ መዝገብ ይሞላል፣ ፈረቃ ይቀይራል። የድርጅቱን ዋና (ኮር) ራውተር እንዲነካ አይፈቀድለትም፣ መፈቀድም የለበትም። ሥራው መጥፎ አይደለም፣ ሥርዓት ያስተምራል። ግን አንድን ኔትወርክ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ኮምፒውተር ድረስ በራሱ ኃላፊነት ለመያዝ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል።

ሐዋሳ ላይ ያንን በመጀመሪያው ሥራው ሊያገኘው ይችላል። ይህች ከተማ እኮ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመቷ ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ያኔ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ቢሮዎች አሉ። ከፒያሳ እስከ አቶቴ የባንክ ቅርንጫፍ ሞልቷል። የግል ሆስፒታል፣ ኮሌጅ፣ ሪዞርት። የአብዛኞቹ ኔትወርክ በአንድ ወይም በሁለት ሰው እጅ ነው ያለው።

ሆቴሎቹን ብቻ ውሰዱ። ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። በሳምንቱ መጨረሻ ሦስት መሥሪያ ቤት ሥልጠና ይዞ አንድ ሆቴል ይገባል። ሰው ሁሉ ስልክ አለው፣ ላፕቶፕ አለው፣ አንዳንዱ ሁለት ስልክ። ኔትወርኩ ግን ሆቴሉ ሲከፈት የተሠራው ነው። የአድራሻው መጠን ስላሽ 24 የሚባለው ነው፣ ማለትም 254 አድራሻ። አድራሻው አንዴ ከተሰጠ ለአንድ ሙሉ ቀን ይያዛል። ጠዋት ቁርስ በልተው የሄዱት እንግዶች አድራሻውን ይዘው ሄደዋል። ከሰዓት የመጡት ዋይፋዩ ላይ ይገናኛሉ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሥራ አስኪያጁ «መስመሩን አሳድጉልኝ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፍል ነው። መስመሩ ምንም አልሆነም። የኪራይ ጊዜውን ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማውረድ፣ ወይም ኔትወርኩን ስላሽ 22 አድርጎ 1022 አድራሻ ማግኘት ነው የሚያስፈልገው። በዚያ ላይ አክሰስ ፖይንቶቹ (ዋይፋይ የሚያሰራጩት መሣሪያዎች) ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አንድ ቻናል ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲጯጯሁ ታገኛላችሁ። 1፣ 6 እና 11 ብላችሁ ታከፋፍሏቸዋላችሁ። ይህን ያደረገ ጀማሪ ሰብኔቲንግ (አድራሻን በመጠን መከፋፈል) ምን እንደሚጠቅም ከማንኛውም መምህር በላይ ገብቶታል።

የመስመር ጉዳይም አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ ከሁለት ድርጅት መስመር መያዝ ተችሏል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካ ይፈለጋል። በማይክሮቲክ ራውተር ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጌትዌዩን በፒንግ («አለህ?» ብሎ በመጠየቅ) አረጋግጥ የሚለውን ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ። አንድ ቀን ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ራውተሩ ግን ወደ ሁለተኛው መስመር አይሻገርም። ምክንያቱም ቅርብ ያለው ጌትዌይ ለፒንግ ይመልሳል። የተቆረጠው ከእሱ ወዲያ ነው። ራውተሩ ራቅ ያለ አድራሻ እያየ እንዲወስን ማድረግ ይኖርባችኋል። ይህን የሠራ ልጅ ራውቲንግ ቴብል (የራውተሩን የመንገድ ዝርዝር) ሲያነብ ዓይኑ የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

መብራትማ አስተማሪ ነው። ሲስኮ ስዊች ላይ የሠራችሁትን ለውጥ ካላስቀመጣችሁት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አለን ትላላችሁ። ዩፒኤሱ ላይ ማን ምን እንደሰካ አይታችኋል? እኔ የቡና ምድጃ ተሰክቶ አግኝቻለሁ። ረከቦቱ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ፣ ምድጃው ዩፒኤሱ ላይ። ቡናው ግን ጥሩ ነበር፣ እሱን አልደብቅም።

ጸሐፊው ያልነካው፣ እኔ ግን ልደብቀው የማልፈልገው የክልል ከተማ ችግር አንድ አለ። ብቻችሁን ናችሁ። ሥራችሁን የሚያይላችሁ ሰው የለም። ከሠራ ሠራ ነው። ኔትወርኩን ቪላን በሚባሉ ክፍልፋዮች ሳትከፍሉ ሁሉንም አንድ ላይ ብትጥሉት፣ ፓስወርዱን ከፋብሪካ እንደመጣ ብትተዉት፣ ማንም «ተው» አይላችሁም። እንደዚያ አምስት ዓመት መቀመጥ ይቻላል። አምስት ዓመት ልምድ ተብሎ ይጻፋል፣ ውስጡ ግን የአንድ ዓመት ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አበባ መግባት ብቻ አይደለም። ኔትወርካችሁን በወረቀት ላይ አውጡት። የትኛው ኬብል ከየት ወዴት፣ የትኛው ቪላን ለማን፣ የትኛው አድራሻ ለየትኛው መሣሪያ። የለወጣችሁትን ከነቀኑና ከነምክንያቱ ጻፉ። የራውተሩንና የስዊቹን ኮንፊገሬሽን (ቅንብራቸውን) ከመሣሪያው ውጭ አስቀምጡ። ከዚያ ሥዕሉን ይዛችሁ ሌላ ድርጅት ወደሚሠራ የሙያ ጓደኛ ሂዱ፣ ፓስወርድና አድራሻ ሳታሳዩ። «እስቲ ጉድለቱን ንገረኝ» በሉት። ሐዋሳ ውስጥ የኔትወርክ ሰዎች ብዙ ስላልሆንን እንተዋወቃለን። ሐይቅ ዳር አሳ ሲበላ ስለ ኳስ ብቻ ማውራት ግዴታ አይደለም።

ወደ ሰርተፊኬት። ሰርተፊኬት አይጠቅምም የሚል ሰው ካገኛችሁ እሱም አትስሙት። የሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፊኬት) ፈተና የሚሸፍነውን ዝርዝር አውጥታችሁ ተመልከቱት። የኔትወርክ መሠረት 20 በመቶ፣ ስዊቺንግና ዋይፋይ ያለበት ክፍል 20፣ ራውቲንግ 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ ደኅንነት 15፣ አውቶሜሽን 10። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የጥናት ካርታ አላየሁም። ካርታውን ለማየት ደግሞ ገንዘብ አይከፈልም።

ጸብ ያለን አራት አምስት ሰርተፊኬት ሳትይዙ ሥራ አትፈልጉ በሚለው ላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው። ገና ደመወዝ የማያውቅ ልጅ 300 ዶላር ማግኘት ብቻ ሳይሆን በዶላር መክፈያ መንገድ መፈለግም አለበት። አለፈ እንበል። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ካለፈበት ቀን ነው፣ ሥራ ካገኘበት ቀን አይደለም። ሌሎቹን እያጠና ቤት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ያልፍበታል። ከሥራ ጋር አብሮ ቢያጠና ግን ቀን ያየውን ማታ ያነባል፣ ፈተናውም ይቀልለታል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ክፍያውን ይሸፍናል፣ መጠየቅ አያስነውርም።

ደግሞ ሰው በሙሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር አለ። ብዙ ሰርተፊኬት በአንድ ዓመት የሚሰበሰበው እንዴት ነው? ዳምፕ በመሸምደድ ነው። የተሰረቀውን ጥያቄና መልስ ጠጥቶ ገብቶ መትፋት። የመውጫ ፈተና ላይ የለመድነው ጥድፊያ ተከትሎን ሥራ ዓለም ገባ። ወረቀቱ ሲቪ ላይ ያምራል። ስዊቹ ፊት ስትቆሙ ግን ምርጫ አይሰጣችሁም።

መለማመጃ ላብ የለንም የሚለውን ሰበብ ጸሐፊውም አንስቶታል። ይህ ድሮ ያስኬድ ነበር። ዛሬ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፓኬት ትሬሰር ነፃ ነው። እንደዚያው ያለው ጂኤንኤስ 3 ነፃ ነው። በኬብሉ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየው ዋየርሻርክ ነፃ ነው። የማይክሮቲክ ሲኤችአር የሚባለው በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ራውተር ነፃ ፈቃድ አለው። በየኢንተርፌሱ 1 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ለመማር ግን ከበቂ በላይ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ያን ያህል አቅም የሌለው ሰው ሁለት ያረጁ ራውተሮችና አንድ ኬብል ይዞ ብዙ ርቀት ይሄዳል። አሮጌ ስዊች የማይወረወርበት መሥሪያ ቤት አላውቅም፤ ስቶር ኃላፊውን በሥርዓቱ ካናገራችሁት የሚሆን ነገር አይጠፋም።

ኔትወርክ ሊሞት ነው የሚለውን ቶሎ ልለፈው አስቤ ነበር። ግን ብዙ ልጅ ያስደነገጠው እሱ ነው።

ክላውድ ማለት ሰርቨራችሁ ሌላ ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። ቢሮው ውስጥ ሲሆን ኔትወርኩ ሲንገጫገጭ ቢያንስ ፋይሉ ይከፈት ነበር። አሁን ኔትወርኩ ከጠፋ ሒሳብ ክፍሉም፣ ሪሰፕሽኑም፣ ላቦራቶሪውም ይቆማል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተው ነበር። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘውን መስመር በሙሉ ጣለው። ትዕዛዙን ሊያግድ የሚገባው መፈተሻ ሶፍትዌር ራሱ ችግር ነበረበት። ከዚያ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይሩት) የቢጂፒ ማስታወቂያቸውን አነሱ፣ ዓለም መንገዱን አጣ። ባለሙያዎቹ ከርቀት መግባት አልቻሉም። ሰው በአካል ወደ ዳታ ሴንተሩ ተላከ። በዓለም ካሉት ትልልቅ የአውቶሜሽን ቤቶች አንዱ በመጨረሻ የዳነው መሣሪያው ፊት በቆመ ሰው ነው።

ኮድ ተማሩ የሚለው ግን ልክ ነው፤ ምክንያቱ ነው የተሳሳተው። ከኔትወርክ ለመሸሽ ሳይሆን ኔትወርክን ለመሥራት ተማሩት። ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ይበቃል። መጀመሪያ የሚጻፈውን እኔ ልንገራችሁ፦ ማታ ማታ በየስዊቹ እየገባ ኮንፊገሬሽኑን ገልብጦ የሚያስቀምጥ አጭር ፕሮግራም። ኔትሚኮ የሚባለው ላይብረሪ ለዚህ የተሠራ ነው። ሰላሳ ስዊች ላይ እየዞረ በእጁ የሚጽፍ ሰው ጊዜው እያለፈበት ነው፣ እሱ እውነት ነው።

ኤአይን በተመለከተ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። የማልለምደው መሣሪያ ትዕዛዝ ሲጠፋብኝ፣ ረጅም ሎግ (መሣሪያው የሚይዘውን መዝገብ) ሳነብ ያግዘኛል። ግን የእናንተን ቢሮ አያውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ስዊች ከየት እንደሚመጣ፣ ባለፈው ሳምንት ማን ምን እንደነካ አያውቅም። ከላይ ያልኩት ሥዕልና መዝገብ ካላችሁ ጠቃሚ ነገር ይነግራችኋል። ከሌላችሁ በራስ መተማመን የሞላው ግምት ነው የምታገኙት። ግምቱን ስዊቹ ላይ ስትለጥፉት ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

አትጠይቁ የሚለውን ምክር ጸሐፊው ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። አንዳንድ ነባር ባለሙያ ዕውቀቱን በቁልፍ ይይዛል። ፓስወርዱን እንኳ ለማንም ሳይሰጥ ዓመት ፈቃድ የሚወጣ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ይህ አልሠራልኝም፣ ምን ላድርግ?» ብትሉት ዘወር ይላል። ጥያቄው ግን ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። «ኢንጂነር፣ ሁለተኛ ፎቅ ኢንተርኔት የለም። ጌትዌዩን ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል፣ የጉግሉ 8.8.8.8 ይመልሳል፣ በስም ስሞክር ግን አይከፍትም። ዲኤንኤስ መሰለኝ፣ ልክ ነኝ?» ይህን የሚጠይቅ ልጅ ማንም አይንቀውም። ግማሹን ሠርቶ ነው የመጣው። የናቀውም ሰው ቢኖር መልሱን ሳይነግረው አይቀርም፣ ልክ ነህ ማለት ቀላል ነውና።

መጠየቅ ያለባችሁ ደግሞ ኢንጂነሩን ብቻ አይደለም። ሌሊት መብራት ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ የሚያውቁት ጥበቃው ጋሼ ናቸው። ማክሰኞ ጣሪያው ላይ ማን እንደወጣ የሚያውቁትም እሳቸው። ሰላምታ ሳይሰጡ በአጠገባቸው የሚያልፍ መሐንዲስ ግማሽ መረጃውን በሩ ላይ ትቶ ገብቷል።

የቀረው በየስድስት ወሩ ሥራ ቀይሩ የሚለው ነው። ደመወዙ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። ኑሮ ተወዷል፣ የሐዋሳ የቤት ኪራይም ቢሆን የሚቀመስ አልሆነም። የተሻለ ያገኘ ይሂድ። ነገር ግን ስድስት ወር ውስጥ የሠራችሁት ነገር ሲበላሽ አታዩትም። ያወጣችሁት የአድራሻ ዕቅድ አዲስ ክፍል ሲከፈት ጠበበ ወይስ በቃ? ውጭ ያስቀመጣችሁት አክሰስ ፖይንት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ቻለ? ለዚህ ቢያንስ አንድ ክረምት መቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለት ቢሆን ይመረጣል።

ሰው ስንቀጥር ሲቪውን አስቀምጬ ባዶ ወረቀት እሰጣለሁ። «መጨረሻ የሠራህበትን ኔትወርክ ሣልልኝ። ስም አትጻፍ።» በየስድስት ወሩ የዞረ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ራውተር፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ደመና ሥሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። አንድ ቦታ ሁለት ዓመት የቆየ ደግሞ ወረቀቱ አይበቃውም፣ ያጉረመርማል፣ «ይቺን ስዊች እንኳ መቀየር ነበረብኝ» ይላል። ያቺ ማጉረምረም ናት የምትገዛኝ።

እና ስትለቁ፣ መቼም ትለቃላችሁ፣ ሥዕሉን፣ መዝገቡንና ፓስወርዶቹን በጽሑፍ አስረክባችሁ አስፈርሙ። ከዚያ የተረከበው ሰው ለሁለት ሳምንት ቢደውልላችሁ ስልኩን አንሱ።